ጠል የጠጣ መድኃኒት

ኅዳር 3 ቀን 2008

ዛሬ ቢሮ ሻይ ይዤ ስገባ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። የቢሮው ኃላፊ አቶ አስናቀው ሰማና፣ "ወርቂቱ፣ አንቺም ፌስቡክ ገባሽ? ምን ትጽፊያለሽ፣ የሻይ ዋጋ?" አለ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስኳር በሽታ ያለባቸው ልጆች ወላጆች የምንጠያየቅበት ግሩፕ ነው አልኩት።

"ስትመልሺላቸው ይከፍሉሻል?"

"ኧረ ማን ይከፍላል።"

"ታዲያ ምን ያደክምሻል?"

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ። ጥያቄው ግን ሲከነክነኝ ዋለ። ለጽድቅ ነው ልለው ይገባ ነበር።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በርበሬና ጨው በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ዛሬም ከቢሮ የሚጣል ወረቀት ሳላነብ ምድጃ ውስጥ አልከትም። ልጄን መሲን ገና በልጅነቷ ስኳር አለባት ሲሉኝም እንዲሁ ከየቦታው ለቃቀምኩ፤ ከመድኃኒቱ ካርቶን፣ ከነርሶች አፍ፣ ኋላም ጎረቤታችን ኢልሀም ከኩዌት ስትመለስ ከሸጠችልኝ ከዚህ ስልክ። ኢንሱሊን ሙቀት ይገድለዋል። ፍሪጅ የለንም። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አድርጌ፣ መሐሉን እርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ ብልቃጡን እዚያ አስቀምጣለሁ። መሲ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከኔ ትረዝማለች።

ይህንን ክረምት ላይ ለግሩፑ ስጽፍ ሰው ሁሉ መረቀኝ። እዚያ ስሜ "የመሲ እናት" ነው። አንዷ ከጅማ "አንቺ የኛ ዶክተር ነሽ" አለችኝ። እዚህ መካነ ሰላም ግን ወርቂቱ ሻይ አምጪ ይላሉ እንጂ ወርቂቱ ምን ይመስልሻል ያለኝ ሰው የለም።

ለማጉረምረም ብዬ አይደለም የጻፍኩት።

ኅዳር 9

ግሩፑ ሰሞኑን ቀዝቅዟል። ስሜን የሚያነሣም የለም። ለአዳዲሶቹ ይጠቅማል ብዬ የማሰሮውን ነገር እንደገና ጻፍኩ። እንደ ዱሮው ብቻ ከሚሆን ብዬ መጨረሻው ላይ ጥቂት ጨመርኩበት፦ "ሌሊት ሌሊት ደጅ አሳድሩት፣ ጠል ይጠጣ። አባቶቻችን ኮሶ እንኳ ሲጠጡ መድኃኒት ኮከብ ካላየ አይሠራም ይሉ ነበር።"

ሳነበው ደስ አለኝ። ለመሲ አነበብኩላት።

"የኛ ማሰሮ መች ደጅ አድሮ ያውቃል?" አለች።

"ዋናው መቀዝቀዙ ነው።"

"አይ እማ።" ወደ ጥናቷ ዞረች።

ኅዳር 10

ምስጋናው አላለቀም፣ አሁንም እየጻፉ ነው። "ተባረኪ።" "ጀዛኪላህ።" "የአባቶች ጥበብ!" አበባ፣ አበባ፣ አበባ። ሻዩ ገነፈለብኝ፣ አቶ አስናቀው ተቆጣ። ምንም አልመሰለኝም።

ኅዳር 13

የግሩፑ አድሚን በእውቀቱ አዲስ አበባ የሚኖር የጤና ባለሙያ ነው። እሱ ሲጽፍ እንደ ደንብ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይደረድራል፣ ሰውም አያነበውም። ዛሬ ከኔ ጽሑፍ ሥር እንዲህ አለ፦ "እህታችን ስለ ማሰሮው የጻፈችው ትክክል ነው። ደጅ ማሳደሩ ግን ይቅር፤ ቅዝቃዜ ሲበዛም መድኃኒቱ ይበላሻል።"

አንዱ ቶሎ ብሎ፣ "ወንድም በእውቀቱ፣ ተማርኩ ባይ ሁሉ የአባቶቹን ነገር ሲያጣጥል ነው የሚያድረው" አለው። ሌላዋ፣ "ፍሪጅ ላለው ሰው ማውራት ቀላል ነው" አለች። ለመጀመሪያው ላይክ አድርጌለታለሁ። ጣቴ ነክቶት ነው። ማንሣት ይቻላል አሉ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

የበእውቀቱ ቃል በምስጋናው መሐል ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ ጠፋ።

ኅዳር 19

"ኡሙ ጀብሪል" የምትባል በግል ጻፈችልኝ። ስሟ ራሕማ ነው። ባሏ ጂዳ ነው፣ እሷ ከአቀስታ በላይ፣ መኪና የማይደርስበት መንደር ውስጥ ካንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጁ ጀብሪል አምና ስኳር ተገኘበት።

"አሰላሙ ዐለይኩም እቴ። አሸዋ ከወንዝ አስመጥቼ እንዳልሽው አደረግኩት። ማታ ማታ አጥሩ ላይ አወጣዋለሁ። አማቼ ስታይ፣ 'ይቺ ሴትዮ ያገር ሰው ናት፣ ሐኪሞቹ ይህን መች ያውቃሉ' አለች። አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ።"

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። በርቺ፣ እኔ አለሁልሽ ብዬ መለስኩ። እኔ አለሁልሽ። ይህን ቃል ለሰው ብዬ አላውቅም ነበር።

አቀስታ እንዴት እንደሚበርድ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ሄጄ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነው ያደረው። ግን ሰው ያገሩን ብርድ ያውቃል።

ኅዳር 27

በእውቀቱ ግሩፑን ጠየቀ፦ "ማንም ሳይከፍላችሁ ያወቃችሁትን ለምን ታካፍላላችሁ?" እያነበብኩ አመሸሁ። አንዷ "ዕውቀትም ሰደቃ ነው" አለች። አንዱ አባት "ልጄ ታሞ ሌሊት የመለሰልኝን ሰው አላውቀውም፣ ብድሩን ለማላውቀው ሰው እመልሳለሁ" አለ። አንዷ "ቤት ውስጥ የማወራው ሰው የለኝም" ብላ ጻፈች፣ ወዲያው አጠፋችው። እኔና መሲ ግን አይተናት ነበር።

እኔ "የተቸገርኩት ችግር ሌላውን እንዳያገኘው" ብዬ ጻፍኩ። መሲ ከትከሻዬ በላይ አነበበችና፣ "ያቺ ያጠፋችው ሴትዮ ናት እውነቱን የተናገረችው" አለች።

ታኅሣሥ 3

ዝናብ በደህና ያልዘነበበት ዓመት ስለሆነ ሰማዩ ሌሊት ራቁቱን ነው። ዛሬ ጠዋት ግቢ ያደረው ባልዲ ላይ በረዶ ጋግሮ አገኘሁት። በጣሳ ሰበርኩት። በዕድሜዬ እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ውርጭ አላየሁም።

መሲ ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች። እኔም ለሥራ ረፈደብኝ።

ታኅሣሥ 6

ራሕማ፦ "እቴ፣ ጀብሪልን ውሃ ጥም ያዘው። ጠጥቶ አይረካም። ሌሊት ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ ይነሣል። መርፌውን አንድም ቀን አላጎደልኩበትም። ምን ይመስልሻል?"

ምን ይመስልሻል።

ቢሮው ስብሰባ ነበረው፣ ሰው ሞልቷል፣ ሻይ እየተጠራ ነው። ጣፋጭ በልቶ እንዳይሆን ጠይቂው ብዬ መለስኩ። በኋላ በደንብ እጽፍላታለሁ።

"ወላሂ እቴ፣ በዚህ ዓመት ጣፋጭ ከየት ይመጣል?" አለች።

ታኅሣሥ 7

ከሥራ ስወጣ በጤና ጣቢያ በኩል ዞርኩ። ነርሷን በዛችን ከድሮ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ መሲን መርፌ መውጋት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ለሌላ ሰው ነው ብዬ ጠየቅኋት።

"ቢቀዘቅዝ ይሻለዋል አይደል?"

"ቢቀዘቅዝ ደግ። ከረጋ ግን ውሃ ነው።"

"ተመልሶ ቢሟሟስ?"

"ወርቄ፣ አንዴ ከረጋ አለቀለት። ሟሟ አልሟሟ ልዩነት የለውም። ይጣል። ማን ነው ያረጋው?"

"አንዲት የማላውቃት ናት።"

"ቶሎ አዲስ ታውጣና። ልጅ ከሆነማ ቀን አይሰጥም።"

በየት አድርጌ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

ታኅሣሥ 8

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ራሕማ፣ ደጅ ያደረው ኢንሱሊን በውርጭ ሞቷል። ጣዪው። ዛሬውኑ ልጁን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና አዲስ አውጪ። ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ።"

የመጨረሻውን አጠፋሁ። ያለ መጨረሻው ሳነበው ደግሞ ታዲያ ለምን ደጅ አሳድሪ አልሽኝ ትላለች። ለአማቷ ታሳያታለች። ግሩፑ ላይም ልትጠይቅ ትችላለች፤ ሰው የማሰሮውንም ነገር እንዳለ ይጠላዋል፣ እሱ ደግሞ እውነት ነው፣ ለስንቱ ጠቅሟል። ሁሉንም አጠፋሁት።

በመጨረሻ የላክሁት፦ "እህቴ፣ ለጊዜው ቤት ውስጥ አሳድሪው፣ ብርዱ በርትቷል። ካልተሻለው ሐኪም አሳዪው።"

ይህም ነግሯታል። አስተዋይ ሴት ናት፣ ይገባታል።

ታኅሣሥ 10

"እሺ እቴ፣ አስገባሁት። እሱኑ እየወጋሁት ነው። ዛሬ አስመለሰው። አላህ ያግዘን።"

እሱኑ እየወጋሁት ነው።

ልመልስ ስል ኔትወርክ ጠፋ።

ታኅሣሥ 11

ኔትወርክ የለም። የከተማው ሁሉ ነው አሉ። ራሴን ሲያመኝ ሰንብቶ ዛሬ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 14

መውሊድ ነው። ከመስጊዱ መንዙማው እየተሰማ ነው። ጎረቤቶች ጠርተውን ሄድን። ሰው ሁሉ እርስ በርስ ይመራረቃል። አንድ ትንሽ ልጅ በውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ አፉን ገጥሞ ሲጠጣ አየሁና ወጣሁ።

መሲ ተከትላኝ መጣች። ነገርኳት። እንዳለ ሁሉን አይደለም፣ ግን ገባት። ማሰሮውን ከፈተችና ካሉን ሁለት ያልተከፈቱ ብልቃጦች አንዱን አወጣች።

"ውሰጂላት።"

"ላንቺስ?"

"የኔን ብልቃጥ ደጅ የሚያሳድርብኝ የለም።"

ዛሬ በዓል ነው፣ መኪና የለም አልኳት። ነገ ደግሞ አቶ አስናቀው ከሥራ አይለቀኝም። መሲ ፊቷን አዞረች።

ታኅሣሥ 16፣ ማታ

ደርሼ ተመለስኩ። ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ዓይነት አድርጌ አስታውሰዋለሁ።

የደሴው አውቶቡስ አቀስታ አወረደኝ። ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት የጀብሪል እናት የምትባለውን ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ለተዕዚያ ነው፣ ለለቅሶው? ሰው ዛሬም አልተቋረጠም፣ ሽቅብ የሚሄዱትን ተከተይ" አለችኝ።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ አመዳዩ ገና አልቀለጠም፤ እረፋዱ ላይ እንኳ የገብሱ ቃርሚያ ነጭ ነበር።

ቤቱ ሴት ሞልቶበታል። ራሕማ ከማዕዘኑ ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ እግር ናት፣ እንዲህ ልጅ አትመስለኝም ነበር።

"ማን ልበል?"

"የመሲ እናት ነኝ።"

ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እቴ! ከመካነ ሰላም ድረስ! ይቺ ናት፣ ይቺ ናት ያልኳችሁ!"

አማቷ ጉልበቴን ዳሰሱ። "መድኃኒት ጠል ይጠጣ ያልሽው አንቺ ነሽ? አበጀሽ ልጄ። ያሁን ሰው ይህን ጥሎታል።"

በመውሊድ ዋዜማ ነው የሞተው። ወደ ደሴ ይዛው ስትሄድ መኪና ውስጥ። ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር አለች። አብሯቸው የተሳፈረ አንድ ነርስ መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጪው ሲላት በማሰሮ አለችው፤ ጥሩ አድርገሻል አላት።

"ጥፋቱ የኔ ነው እቴ" አለችኝ እጄን ይዛ። "እስከዚያ ድረስ አንድም ሌሊት አላጎደልኩም ነበር። ጠዋት ሳወጣው ብልቃጡ መስታወት መስሎ ይጠብቀኛል። ብብቴ ውስጥ አድርጌ አሙቄ ነው የምወጋው። በኋላ ግን ሁለት ሌሊት ብርዱ ጸናብኝ፣ ደጅ መውጣት ፈራሁ። ጠሉ ተቋረጠበት። ከዚያ ነው የባሰበት። አንቺ አስገቢው ስትዪኝ ጊዜ ገባኝ። ማበላሸቴን አውቀሽ፣ እንዳልደነግጥ ብለሽ ነው፣ አይደል?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ አዩ።

"አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አልኳት።

ሌላ ነገር አልኩ? አላልኩም። ሐዘንተኛ ፊት የሚነገር አይደለም። በለቅሶ ቤት የሚያስተምር ማን ነው? ንፍሮ ሰጡኝ፣ ዘገንኩ። መንገድ ላይ ደግሞ እመለስ ይሆን አልኩ፣ መኪናው ግን ሞልቶ ሊሄድ ነበር።

ብልቃጡን መልሼ አመጣሁት። መሲ ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ማሰሮው ውስጥ አስቀመጠችው። "በሕይወት ደረስሽበት?" አለች። አልደረስኩም አልኳት። እራት አልበላንም።

ታኅሣሥ 21

ኔትወርክ መጥቷል። ራሕማ ግሩፑ ላይ ጽፋለች።

"እኔ ኡሙ ጀብሪል ነኝ። ልጄን ያጣሁት ጠሉን ሁለት ሌሊት በማቋረጤ ነው። እናቶች ሆይ፣ ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትሰንፉ። የልጃችሁን መድኃኒት አንድም ሌሊት ሳታጎድሉ ደጅ አሳድሩ። እኔን ያገኘኝ እናንተን እንዳያገኛችሁ። የመሲ እናት ቤቴ ድረስ መጥታ አጽናንታኛለች፣ አላህ ይስጥልኝ።"

እንዲህ የተነበበ ጽሑፍ በግሩፑ ላይ አይቼ አላውቅም። ሰው እያለቀሰ ሼር ያደርገዋል።

ታኅሣሥ 23

በእውቀቱ በግል ጻፈልኝ። "የመሲ እናት፣ እባክሽ አንቺ ተናገሪ። እኔ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሐዘንተኛዋን ነካህ ብለው ሰደቡኝ። ጽሑፏን ባጠፋውም ወደ ሌሎች ገጾች ሄዷል። እኔን አይሰሙም። አንቺን ይሰማሉ።"

አንቺን ይሰማሉ። ይህን ቃል ከዓመት በፊት ማንም ቢለኝ ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

እሺ አልኩት። ከገና በኋላ።

ታኅሣሥ 28

ገና። ዶሮ አልሠራሁም። ቢሮ ውስጥ አቶ አስናቀው ከበዓሉ በፊት "ዶክተር ወርቂቱ፣ ፌስቡኩ እንዴት ነው?" ብሎኝ ነበር። እንዴት ሰማ?

መሲ ከኔ ጋር የምታወራው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ዛሬ ግን መርፌዋን ወግታ ስትጨርስ፣ "ሌላ ልጅ ውሃ እስኪጠማው ነው የምትጠብቂው?" አለችኝ።

ጥር 4

ጻፍኩት። ምንም ሳልቀንስ።

ኢንሱሊን ከረጋ እንደሚሞት ጻፍኩ። ጠል ይጠጣ ያልኩት ከራሴ አምጥቼ እንደጨመርኩት፣ የልጄን መድኃኒት ደጅ አሳድሬ እንደማላውቅ ጻፍኩ። ራሕማ አንዳች ጥፋት እንደሌለባት፣ ጀብሪል የሞተው ባስተማርኳት ነገር እንደሆነ ጻፍኩ። ከዚያ ላክሁት።

ጥር 5

"በሐዘንተኛ ላይ ትነሻለሽ?"

"ለኡሙ ጀብሪል ብዙ ሰው ስላነበበላት ቀንታ ነው።"

"ይቺ የመሲ እናት አይደለችም። አካውንቷን ጠልፈውት ነው። የመሲ እናት እንዲህ አትጽፍም።" ለዚህኛው ብዙ ሰው ላይክ አድርጎለታል።

አንድ አባት ከማሻ፦ "ሁለቱንም አነበብኩ። የትኛው እውነት እንደሆነ ስላላወቅሁ አንድ ሌሊት ደጅ፣ አንድ ሌሊት ቤት አሳድረዋለሁ።" ስልክ ቁጥርህን ላክልኝ፣ አሁኑኑ ልደውል አልኩት። ለምን ፈለግሽው አለኝ። ከዚያ ወዲህ አይመልስም።

በእውቀቱ ብቻ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

ማሰሮው ላይ እርጥብ ጨርቅ ለውጬ ተቀመጥኩ። ሰው ያወቀውን የሚያካፍለው ለምንድን ነው ላለው፣ የኔን አሁን መናገር እችላለሁ። የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ጥር 8

ዛሬ ራሕማ በግል ጻፈችልኝ። ሰላምታ የለውም።

"ያን ቀን ቤቴ ስትቀመጪ ታውቂ ነበር?"

ብዙ ጻፍኩ። እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደፈራሁ፣ ብልቃጥ ይዤ መምጣቴን። ሳነበው ሁሉም ስለኔ ነው። አጠፋሁትና "አዎ" ብዬ ላክሁ።

አይታዋለች።

ጥር 13

ራሕማ ከግሩፑ ወጥታለች። ጽሑፏን ግን ሳታጠፋው ነው የወጣችው። በእውቀቱ ዛሬ ከግሩፑ አጠፋው፤ እኔ ግን ስሟ ሳይጠቀስ በሌላ ገጽ ላይ አገኘሁት። ከሥሩ አንዲት እናት፣ "ዛሬ ማታ እጀምራለሁ" ብላለች።